መሪውን ያንቀጠቀጠው ምንድን ነው?

ትምህርት 12፦ ምክንያትንና ውጤትን የሚገልጽ ድርሰት

ሀ. የትምህርቱ ዓላማ

ባለፈው ትምህርት አንድን ድርጊት ከመነሻው እስከ መድረሻው በቅደም ተከተል መተረክን ተምራችኋል። የሚተርክ ሰው «ከዚያስ በኋላ ምን ሆነ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። በዚህ ትምህርት ግን ጥያቄው ሌላ ነው። አሁን የምንጠይቀው «ይህ ነገር ለምን ሆነ?» ብለን ነው።

ይህ ጥያቄ ሲጠየቅ የቀለለ፣ ሲመለስ ግን የከበደ ነው። አንዱ ነገር ከሌላው በፊት ስለተፈጸመ ብቻ ምክንያቱ ነው አይባልም። ዶሮ ከጮኸ በኋላ ፀሐይ ትወጣለች፤ ይሁን እንጂ ፀሐይን ያወጣት ዶሮው አይደለም። ምክንያትና ውጤትን የሚገልጽ ድርሰት የሚጽፍ ሰው የሚታየውን ምልክት ከማይታየው መንሥኤ ለይቶ ማወቅና የተለየበትንም መንገድ ለአንባቢው ማስረዳት ይጠበቅበታል።

ይህን ትምህርት ስትፈጽሙ፦

1. ምልክትን ከምክንያት ለይታችሁ መናገር፤
2. ተደራጊ፣ አድራጊና አስደራጊ ግሦችን በየቦታቸው መጠቀም፤
3. ምክንያትንና ውጤትን የሚያያይዝ ባለ አራት አንቀጽ ድርሰት መጻፍ ትችላላችሁ።

ለ. ከንባብ በፊት

ምንባቡን ከመጀመራችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ ተወያዩ።

1. በሰፈራችሁ አንድ ዕቃ ሲበላሽ ሰዎች በመጀመሪያ የሚያደርጉት ምንድን ነው? ይመረምራሉ ወይስ ይለውጣሉ?
2. «ነገሩን ከሥሩ፣ ውሃውን ከጥሩ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ምን ማለት ነው?

ሐ. ምንባብ

የጉለሌ ክፍለ ከተማ በሰሜን አዲስ አበባ፣ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ ይገኛል። የተራራው አናት ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው። በዚህም የተነሣ ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚያቀና መኪና ዳገቱን በከባድ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣል፤ ሲመለስም ቁልቁለቱን በማርሽና በፍሬን እየተገታ ይወርዳል። በአዲሱ ገበያ በኩል ወደ ሱሉልታ የሚዘልቀው የጎጃም መንገድም ቢሆን የእንጦጦን ሰንሰለት ሳይሻገር አያልፍም። እንዲህ ባለ አገር የሚነዳ ሰው ሁሉ ሕይወቱን ለመኪናው መሪ አደራ ሰጥቶ ይጓዛል።

እስቲ አንድ ፒካፕ መኪና በዐይነ ልቡናችሁ ተመልከቱ። ባለቤቱ በሽሮ ሜዳ የአገር ልብስ የሚነግዱ አባት ናቸው፤ የሚነዳው የበኩር ልጃቸው ነው። መኪናው በሳምንት አንድ ቀን ልብስና ድርና ማግ ጭኖ በሱሉልታ በኩል እስከ ጫንጮ ገበያ ይደርሳል። ወጣቱ ግን መኪናው ከመሬት ዝቅ ቢል ያምርበታል ብሎ አሰበ። ስለዚህ አንድ ቀን ለአባቱ ሳይነግር ለአንድ የሰፈር ጠጋኝ ሰጠው። ጠጋኙም የፊቱን ሞላዎች በመጋዝ ቆርጦ አሳጠራቸው። የኋላው ባሌስትራ የሚያልፈው ከአክስሉ በታች ስለ ነበረ፣ በሁለቱ መካከል አራት ጣት የሚወፍር ብረት አስገባበት። መኪናው አንድ ጋት ያህል ዝቅ አለ፤ ከፊት በኩልማ ከዚያም የበለጠ ዝቅ ብሎ አጎነበሰ። የሰፈሩ ልጆችም አደነቁት።

ጥቂት ቀናት እንዳለፉ ግን ሁለት ምልክቶች ታዩ። የመጀመሪያው፣ ፍጥነቱ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ መሪው በነጂው እጅ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሁለተኛው፣ መኪናው ዳገት ሲይዝ ከመቀመጫው ሥር ጉርምርምታ ይሰማል፤ ከቆመበት ሲነሣም «ቋ» የሚል ድምፅ ያሰማል። ወጣቱ ነገሩን ከጎማው ነው ብሎ ሁለት አዳዲስ ጎማዎች ገዛ፤ መንቀጥቀጡ አልቀረም። ከዚያም የመሪውን ሳጥን አስጠበቀ፤ በዚህ ጊዜ መሪው ከመክበዱም በላይ ከተጠመዘዘ በኋላ በራሱ መመለሱን ተወ፤ መንቀጥቀጡ ግን አሁንም አልቀረም። ገንዘቡ አለቀ፤ ሕመሙ ግን እንዳለ ነበር።

አንድ ቀን ማታ እናቱንና ታናሽ እኅቱን አሳፍሮ ከጫንጮ ሲመለስ፣ ከተራራው ወደ አዲሱ ገበያ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ የፊት ግራ ጎማ ከአንድ ጉድጓድ ገባ። በዚያች ቅጽበት መሪው ከእጁ ሊያመልጥ እስኪደርስ ድረስ ተናወጠ። ወጣቱ ማርሹን አክብዶ፣ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ይዞ፣ መኪናውን ከመንገዱ ጥግ አቆመ። ማንም አልተጎዳም። ሆኖም እናቲቱ ቀሪውን መንገድ በእግር መሄድን መረጡ። አባትየውም ይህን በሰሙ ጊዜ ልጃቸውን ሳይቆጡ፣ «ነገሩን ከሥሩ፣ ውሃውን ከጥሩ» ብለው ወደ አንድ አንጋፋ መካኒክ ላኩት።

«ጋሼ፣ መሪው ይንቀጠቀጣል። እባክዎ ይለውጡልኝ» አለ ወጣቱ እንደ ደረሰ።

መካኒኩም፣ «ልጄ፣ መሪው ይንቀጠቀጣል ወይስ የሚያንቀጠቅጠው አለ?» ሲሉ ጠየቁት።

ወጣቱ መልስ አጣ። መካኒኩ ቀጠሉና፣ «በስንት ፍጥነት ይጀምራል? ፍጥነት ስትጨምር ይበረታል ወይስ ይጠፋል? ፍሬን ስትይዝስ? የነዳጁን መርገጫ ስትለቅስ? የሚሰማህ በእጅህ ነው ወይስ በመቀመጫህ?» እያሉ ጠየቁት። እስከዚያች ሰዓት ድረስ አንድም የመፍቻ ቁልፍ አላነሡም ነበር።

ቀጥለውም ባዶ በሆነና ሜዳማ በሆነ መንገድ መኪናውን ነድተው ሞከሩት። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የነዳጁን መርገጫ ሲለቁት የመሪው መንቀጥቀጥ አልተለወጠም፤ ከመቀመጫው ሥር የሚሰማው ጉርምርምታ ግን ቀነሰ። መካኒኩም፣ «ሁለት ሕመም እንጂ አንድ አይደለም» አሉ። ሞተሩ ቢሠራም ቢያርፍም የማይለወጠው መንቀጥቀጥ ከፊት ጎማዎችና ከመሪው አካላት የመጣ ነው። ሞተሩ ኃይል ሲሰጥ የሚበረታው ደግሞ ኃይልን ወደ ኋላ ጎማዎች ከሚያደርሰው ዘንግ የመጣ ነው። ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ቢሆን ኖሮ ምርመራው ከፍሬኑ በጀመረ ነበር።

ወደ ጋራዡም ተመልሰው የኋላ ጎማዎችን በድንጋይ አስደገፉ፤ የመኪናውን ፊት በክሪክ አነሡ፤ ከሥሩም ጠንካራ መደገፊያ አቆሙ። የፊት ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ሲነቀንቁት ጥቂት ተንቀሳቀሰ፤ ይህም የጎማው ኩሽኔታ መላላቱን አመለከተ። በግራና በቀኝ ይዘው ሲነቀንቁት ግን ከፍ ያለ ድምፅ አሰማ። ይህኛው የመሪውን ዘንግ ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ቴስቲና ነበር። ፈትተው በመዳፋቸው ላይ አኖሩትና ለወጣቱ አሳዩት። ክቡ ጫፍ ከመኖሪያው ሊወጣ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ጨርሶ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ በዚያ ቁልቁለት ላይ መሪው ወደ ቀኝ ሲዞር የግራው ጎማ ወደ ፈቀደው በሄደ ነበር። ወጣቱ ዕቃውን አይቶ ዝም አለ።

ተማሪዎች ሆይ፣ የመኪናው ዝቅ ማለት ከዚህ ሁሉ ጋር ምን ግንኙነት እንዳለው ትጠይቁ ይሆናል። መልሱ ይህ ነው። የመኪና አካላት እርስ በርሳቸው የተያያዙ ናቸው። ሞላው ሲያጥር የመሪው ዘንጎች ተዳፋትነት ይለወጣል፤ በዚህም ምክንያት የፊት ጎማዎች ትይዩ ሆነው መሄዳቸውን ትተው አንዱ ወደ ሌላው ያዘነብላል ወይም አንዱ ከሌላው ይሸሻል። በሌላ በኩል የብስክሌትን ፊት ተመልከቱ፤ የፊት ጎማውን የያዘው ሹካ ወደ ኋላ ዘንበል ያለ ነው። ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ የሚረዳው አንዱ ነገር ይህ ዝንባሌ ነው። የመኪናውም የፊት ጎማዎች የሚዞሩበት ዘንግ እንደዚሁ ዘንበል ያለ ነው። መኪናው ከፊት ሲያጎነብስ ግን ይህ ዝንባሌ ይቀንሳል፤ መሪውም ወደ መሃል የመመለስ ኃይሉ ይደክማል። በመጨረሻም የተቆረጠ ሞላ መተጣጠፊያ ስለሚያጣ የጉድጓዱን ምት ሁሉ ለቴስቲናውና ለኩሽኔታው ያስተላልፋል። ቀድሞውንም ያረጀ ዕቃ እንዲህ ያለውን ምት አይችልም።

የሁለተኛው ሕመም ምክንያት ደግሞ ከመኪናው ሆድ ሥር ተገኘ። የሞተሩን ኃይል ከማርሽ ሳጥኑ ወደ ኋላው ዲፈረንሻል የሚያደርሰው ረጅም ዘንግ በሁለት ጫፎቹ ክሮቸራ የሚባል መስቀልማ መገጣጠሚያ አለው። ይህ መገጣጠሚያ በብዙ ቋንቋዎች የሚጠራው በ16ኛው መቶ ዘመን በኖረው ኢጣሊያዊ ሊቅ በካርዳኖ ስም ነው፤ በ17ኛው መቶ ዘመንም እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ አጥንቶታል። ጠባዩ እንዲህ ነው፦ ዘንጉ ታጥፎ ሲዞር ከመገጣጠሚያው ወዲያ ያለው ክፍል በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜም ይዘገያል። የዘንጉ ሁለት ጫፎች በእኩል ማዕዘን ከታጠፉና መገጣጠሚያዎቹም በትክክል ከተጋጠሙ የአንዱን መፍጠን የሌላው መዘግየት ያስተካክለዋል። ማዕዘኖቹ እኩል ካልሆኑ ግን ልዩነቱ መናወጥ ሆኖ ይቀራል።

መጠኑን በሒሳብ መረዳት ይቻላል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ማለት በሴኮንድ 22 ሜትር ያህል ነው። የጎማው ዙሪያ 2.2 ሜትር ቢሆን ጎማው በሴኮንድ 10 ጊዜ ይዞራል። ዘንጉ ጎማው አንድ ጊዜ እስኪዞር 4 ጊዜ የሚዞር ቢሆን በሴኮንድ 40 ዙር ይሆናል። በየዙሩ ሁለት ጊዜ የሚፈጥን በመሆኑ በሴኮንድ 80 ጊዜ ይናወጣል ማለት ነው። በመሪው ላይ የሚሰማው የጎማ መንቀጥቀጥ በእጅ ሊቆጠር የቀረበ፣ የዘንጉ ግን እንደ ጉርምርምታ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው።

መካኒኩ ማዕዘኑን የለኩት እናንተ በጂኦሜትሪ ክፍለ ጊዜ በምትጠቀሙበት ፕሮትራክተር ነበር። መሃሉ ላይ ክር አሥረው፣ በክሩ ጫፍ ትንሽ ብረት እንደ ቱንቢ አንጠለጠሉ። የማርሽ ሳጥኑ መውጫ ወደ ኋላ 4 ዲግሪ ያዘቀዝቃል። ከእርሱ ጋር ትይዩ እንዲሆን የዲፈረንሻሉም አፍንጫ ወደ ላይ 4 ዲግሪ ቀና ሊል ይገባ ነበር፤ ነገር ግን 7 ዲግሪ ቀና ብሎ ተገኘ። ምክንያቱም ከባሌስትራው ላይ የገቡት ብረቶች በችኮላ የተቆረጡ ስለ ነበሩ አንዱ ጠርዛቸው ከሌላው ይወፍር ነበር። ሦስት ዲግሪ በወረቀት ላይ ሲታይ ጥቂት ነው፤ የክሮቸራውን ኩሽኔታ ለመብላት ግን በቅቶ ነበር።

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ ጥገናው በቅደም ተከተል ተከናወነ። በመጀመሪያ የተቆረጡት ሞላዎች ወጥተው ልካቸውን የጠበቁ ሞላዎች ገቡ። ቀጥሎ በግራም በቀኝም ያሉት ቴስቲናዎች ተለወጡ፤ የጎማው ኩሽኔታ ጠበቀ፤ ያለ ልክ የጠበቀው የመሪው ሳጥንም ወደ ቀድሞው ልኩ ተመለሰ። ከኋላ አራት ጣት ይወፍር የነበረው ብረት ተነሥቶ ሁለት ጣት በሚሆንና ጠርዙ በተስተካከለ ብረት ተተካ፤ የቀረውም የማዕዘን ልዩነት በቀጭን የብረት ሽብልቅ ተቃና። ክሮቸራው ተለወጠ። ከዚያም መኪናው ወደ ጎሚስታ ተወስዶ ጎማዎቹ ከነቸርኬያቸው ባላንስ ተደረጉ። አላይመንት የተሠራው ከሁሉም በኋላ ነው። በላላ ዕቃ ላይ አላይመንት መሥራት በሚወዛወዝ ጠረጴዛ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ለማስመር እንደ መሞከር ነው። በመጨረሻም መኪናው የተለመደ ጭነቱን ጭኖ የዘንጉ ማዕዘን እንደገና ተለካ፤ ጭነት ማዕዘኑን ስለሚለውጠው በባዶ መኪና የተገኘው ልክ ብቻውን አይበቃም።

ሥራው ሲያልቅ አባትየው ወደ ጋራዡ መጡ። ከመሬት ላይ የተቀመጡትን ቁርጥራጭ ሞላዎች አይተው፣ «ይህስ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ።

ወጣቱ፣ «ሞላው ተቆርጦ ነው» አለ።

መካኒኩ ቀና ብለው አዩት እንጂ ምንም አልተናገሩም። ወጣቱም ጥቂት ቆይቶ፣ «አባባ፣ ያስቆረጥሁት እኔ ነኝ። ሳልነግርዎት ነው ያስቆረጥሁት» አለ።

አባትየው ቁርጥራጩን ከመሬት አነሡና፣ «እንግዲህ አሁን መኪናው ተጠገነ» አሉ።

መ. የቃላት ማስፋፊያ

በምንባቡ ውስጥ ካሉት የጋራዥ ቃላት አብዛኞቹ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ቋንቋችን ሲቀበላቸው በራሱ ድምፅና ሥርዓት አለዝቧቸዋል። ለምሳሌ «ሞላዎች»፣ «ቴስቲናው»፣ «ከነቸርኬያቸው» ስንል የአማርኛን ምዕላድ ጨምረንባቸዋል።

ባሌስትራ — ተደራርበው ከታሠሩ ዝርግ ብረቶች የተሠራ መተጣጠፊያ። ቃሉ በጣሊያንኛ የቀስት መሣሪያ ስም ነው፤ ለምን እንደ ተሰየመበት የብረቱን ደጋንነት ያየ ሰው ይረዳል።
ሞላ — ተጠማዝዞ የተሠራ የብረት መተጣጠፊያ።
ኩሽኔታ — ዘንግ ሳይፋተግ እንዲዞር የሚያደርግ ክብ ዕቃ። ቃል በቃል ሲፈታ «ትንሽ ትራስ» ማለት ነው።
ክሮቸራ — መስቀል ከሚል ቃል የወጣ የመገጣጠሚያ ስም።
ቴስቲና — «ትንሽ ራስ» ማለት ሲሆን፣ የመሪ ዘንግ ክብ ጫፍ ነው።
ጎሚስታ — ጎማ የሚጠግን ባለሙያ፤ የጥገናውም ቦታ።

በአንጻሩ «ሽብልቅ» የቆየ የአማርኛ ቃል ነው። እንጨት ፈላጭ የሚሰነጥቅበት፣ አናጺም የላላውን የሚያጠብቅበት ከአንድ ወገን ቀጭን፣ ከሌላው ወገን ወፍራም የሆነ ዕቃ ነው። «መሪ» የሚለው ቃልም «መራ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን ሰውንም የመኪናን ክፍልም ይሰይማል።

ሠ. ሰዋስው፦ ተደራጊ፣ አድራጊና አስደራጊ ግሥ

የሚከተሉትን ሦስት ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

1. ሞላው ተቆረጠ።
2. ጠጋኙ ሞላውን ቆረጠ።
3. ወጣቱ ሞላውን አስቆረጠ።

ሦስቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ድርጊት ነው። በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት «ሞላው» ነው፤ ድርጊቱ ግን የተፈጸመው በእርሱ ላይ ነው። ይህ ተደራጊ ግሥ ይባላል። አድራጊው ማን እንደ ሆነ አይገልጽም። በሁለተኛው ድርጊቱን የፈጸመው ይታወቃል፤ ይህ አድራጊ ግሥ ነው። በሦስተኛው ባለቤቱ ድርጊቱን በገዛ እጁ አልፈጸመም፤ ሌላው እንዲፈጽመው ግን ምክንያት ሆኗል። ይህ አስደራጊ ግሥ ይባላል።

ተደራጊ — አድራጊ — አስደራጊ
ተቆረጠ — ቆረጠ — አስቆረጠ
ተለካ — ለካ — አስለካ
ተለወጠ — ለወጠ — አስለወጠ
ተፈታ — ፈታ — አስፈታ

አንዳንድ ግሦች ደግሞ ያለ ተሳቢ ይነገራሉ፤ «አ» ሲጨመርባቸው ግን ወደ ተሳቢ የሚሻገሩ ይሆናሉ። ላላ፣ አላላ፤ ዞረ፣ አዞረ፤ ጠበቀ፣ አጠበቀ እንደሚሉት ያሉ ናቸው። «ተንቀጠቀጠ» የሚለውም «ተ»ን በ«አ» ተክቶ «አንቀጠቀጠ» ይሆናል። የመካኒኩ የመጀመሪያ ጥያቄ በዚህ ልዩነት ላይ የተመሠረተ ነበር። «መሪው ይንቀጠቀጣል» የሚለው ምልክቱን ብቻ ይናገራል፤ «መሪውን የሚያንቀጠቅጠው ምንድን ነው?» የሚለው ደግሞ ምክንያቱን ይፈልጋል።

ማስገንዘቢያ፦ ተደራጊ ግሥ መጠቀም ስሕተት አይደለም። አድራጊው በማይታወቅበት ወይም በማያስፈልግበት ጊዜ ተገቢ ነው። ምንባቡም «ቴስቲናዎች ተለወጡ» ሲል የፈለገው ሥራውን እንጂ ሠሪውን ለመግለጽ አይደለም። ነገር ግን አድራጊውን ለመሸሸግ ሲባል ተደራጊ ግሥ መጠቀም አንባቢን ማሳሳት ነው። ወጣቱ በመጨረሻ «ተቆርጦ ነው» ያለውን ትቶ «ያስቆረጥሁት እኔ ነኝ» ማለቱን አስታውሱ።

ረ. የድርሰት ትምህርት

ምክንያትና ውጤትን የሚገልጽ ድርሰት ስትጽፉ በሚከተለው ቅደም ተከተል ተመሩ።

1. በመጀመሪያው አንቀጽ ምልክቱን ሳታጋንኑ ግለጹ። መቼ፣ የትና በምን ሁኔታ እንደሚታይ ተናገሩ። «ሁልጊዜ ይበላሻል» ከማለት «ዝናብ በዘነበ ማግስት ይበላሻል» ማለት ይሻላል።
2. በሁለተኛው አንቀጽ ምክንያት ሊሆኑ የሚችሉትን ሁሉ ዘርዝሩ፤ አንድ በአንድ እየፈተናችሁም ያልሆኑትን አስወግዱ። ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ከለወጣችሁ የትኛው እንደ ሠራ አታውቁም።
3. በሦስተኛው አንቀጽ የተገኘውን ምክንያት ከውጤቱ ጋር በማስረጃ አያይዙ።
4. በአራተኛው አንቀጽ መፍትሔውን በቅደም ተከተል ግለጹ፤ አንዱ ለምን ከሌላው እንደሚቀድምም አስረዱ።

ሐሳብን ለማያያዝ የሚከተሉት ቃላት ይጠቅሟችኋል፦ ስለዚህ፣ በመሆኑም፣ ምክንያቱም፣ በዚህም የተነሣ፣ በአንጻሩ፣ ይሁን እንጂ፣ ባይሆን ኖሮ። «ስለዚህ» ከምክንያቱ በኋላ ውጤቱን ያስከትላል፤ «ምክንያቱም» ግን ውጤቱን አስቀድሞ ምክንያቱን ያስከትላል። ሁለቱን አታደባልቁ።

ሰ. መልመጃ

መልመጃ 1። በምንባቡ መሠረት የሚከተሉትን ጥያቄዎች በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልሱ።

ሀ. ወጣቱ አዲስ ጎማ መግዛቱ መሪውን ከመንቀጥቀጥ ያላዳነው ለምንድን ነው?
ለ. መካኒኩ «ሁለት ሕመም እንጂ አንድ አይደለም» ያሉት በምን ማስረጃ ነው?
ሐ. አላይመንት ከሁሉም በኋላ የተሠራበትን ምክንያት ግለጹ።
መ. አባትየው «አሁን መኪናው ተጠገነ» ሲሉ ምን ማለታቸው ይመስላችኋል?

መልመጃ 2። ቀጥሎ ከተጻፉት ውስጥ ምልክት የሆነውን «ም»፣ ምክንያት የሆነውን «ክ» በማለት ለዩ።

ሀ. የመሪው መንቀጥቀጥ
ለ. የቴስቲናው መላላት
ሐ. የዘንጉ ሁለት ማዕዘኖች እኩል አለመሆን
መ. መኪናው ሲነሣ «ቋ» ማለቱ

መልመጃ 3። የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች በመጀመሪያ በአድራጊ፣ ቀጥሎም በአስደራጊ ግሥ ጻፉ። ተስማሚ ባለቤት ራሳችሁ ጨምሩ።

ሀ. ማዕዘኑ ተለካ።
ለ. ክሮቸራው ተለወጠ።
ሐ. ጎማው ተፈታ።

መልመጃ 4። ፍጥነቱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢሆን ዘንጉ በሴኮንድ ስንት ጊዜ ይናወጣል? የምንባቡን አሠራር ተከትላችሁ ካሰላችሁ በኋላ የደረሳችሁበትን መንገድ በአንድ አንቀጽ በቃላት ብቻ አስረዱ።

መልመጃ 5። ከሚከተሉት ርእሶች አንዱን መርጣችሁ ባለ አራት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።

ሀ. የሸማኔ ድር ቶሎ ቶሎ የሚበጠሰው ለምንድን ነው? (በሰፈራችሁ ያለ ሸማኔ ጠይቁ።)
ለ. በቤታችን የቧንቧ ውሃ ጠብታ የማያቋርጠው ለምንድን ነው?
ሐ. ተበላሽቶ ሳለ በግምት የተጠገነ አንድ ዕቃ።

ድርሰታችሁን ከጨረሳችሁ በኋላ ተደራጊ ግሦችን ሁሉ አስምሩባቸው። በእያንዳንዱ ሥር «አድራጊው ማን ነው?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። አድራጊው መታወቅ የሚገባው ሆኖ ሳለ ያልተነገረ ከሆነ ዐረፍተ ነገሩን እንደገና ጻፉት።

ማስጠንቀቂያ፦ በምንባቡ የተገለጸውን ምርመራ ያለ ባለሙያ አትሞክሩ። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር መግባት ለሞት ያደርሳል።